ጎንበስ ማለት ፈርቻለሁ፤ ለስቅለት ልስገድ ወይስ ይቅርብኝ?

የብስክሌት ሐኪም
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 43 ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት እጠግናለሁ፤ እጠግን ነበር ብል ይሻላል። አሁን ሥራዬ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የቀጠርኩትን ልጅ «ያንን ፍታ፣ ይህንን እሰር» ማለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት እንደ ብዙው ሰው እኔም እምቦጭ ነቀላ ወጥቼ ነበር፤ ወደ ፎገራ በኩል። እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ገብቼ፣ አጎንብሼ ስጎትት እውላለሁ። እምቦጭን የጎተተ ያውቀዋል፤ አበባው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ሥሩ ግን ውኃውንም ጭቃውንም ይዞ ነው የሚመጣው። በሦስተኛው ቀን ወገቤ ቋ አለ። ቀና ማለት አቃተኝ፤ ሰዎች ተሸክመው መኪና ላይ አወጡኝ። ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ቀለል ቢለኝም ጨርሶ ስላልተወኝ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ያየልኝ ሐኪም ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ «ሁለት ዲስክ ተንሸራቷል። ከእንግዲህ ወገብህ ብርጭቆ ነው። ጎንበስ ማለት፣ ከ5 ኪሎ በላይ ማንሣት ለአንተ የለም» አለኝ።

ያ «ብርጭቆ» የሚለው ቃል ከእኔ ጋር ያድራል፣ ከእኔ ጋር ይነሣል። አራት ዓመት አለፈው። ጫማዬን ትልቋ ልጄ ታስርልኛለች። ብሎን ከወደቀብኝ ወድቆ ይቀራል። ባጃጅ ውስጥ ጉብታ ሲመጣ ሁለት እጄን ብረቱ ላይ አጥብቄ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሕመሙ ራሱ ከቀን ቀን ይለያያል፤ ጨርሶ የማይሰማኝ ቀንም አለ። በዚያም ቀን እፈራለሁ።

ስቅለት ሚያዝያ 10 ይውላል። ከዚያ ዘመቻ ወዲህ ስቅለትን የማሳልፈው የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነው። ሰው ሁሉ ሲወድቅና ሲነሣ እኔ እንደ ተተከለ ምሰሶ እታያለሁ። ዘንድሮ መስገድ አማረኝ። ከእናንተ መካከል ዲስክ እያለበት የሰገደ አለ? ወገቡስ ምን ሆነ?

ጎጃሜው
የካቲት 24

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። የወገብ መድኃኒቱ ወጌሻ ነው፤ ሌላው ገንዘብ መጨረስ ነው። እኔ ጤፍ ስጭን ተቀጭቼ በቅቤ አሽተውኝ በሦስተኛው ቀን ገበያ ወጥቻለሁ። እስከዚያው ወገብህን በነጠላ ጠበቅ አድርገህ እሰር፣ ጠንካራ ፍራሽ ላይ ተኛ፣ አትንቀሳቀስ። ስግደቱ ለከርሞ ይደርሳል።

ሁለተኛ ዕድል
የካቲት 25

ጎጃሜው፣ እኔም ታሽቻለሁ። አራት ወር ሙሉ። ሕመሙ ስተኛም አይተወኝም ነበር፤ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፤ ሱሪዬ እየሰፋኝ ሄደ። ሰው ሁሉ «ሸክም ነው፣ ብርድ ነው» ሲለኝ ቆይቶ እግሮቼ መጎተት ጀመሩ። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ሳል የለ፣ አክታ የለ፤ ማን ይጠርጥር? አንድ ዓመት መድኃኒት ዋጥኩ። ዛሬ እሄዳለሁ፤ ጀርባዬ ላይ ግን ትንሽ ጉብታ ቀርታለች። ስለዚህ የብስክሌት ሐኪም፣ «ፍርሃት ነው» የሚልህ ከመምጣቱ በፊት ይህ እንደሌለብህ አረጋግጥ።

ፊዚዮ ከጣና ዳር
የካቲት 25

«ፍርሃት ነው» የምትለዋ መጣሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ሳላይህ ምንም ላዝልህ አልችልም፤ የማውቀውን ግን ልጻፍ።

ሁለተኛ ዕድል ያለው መቅደሙ ትክክል ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከዚህ በፊት የነበረ ካንሰር፣ ከከፍታ መውደቅ፣ እያደር የሚዝል እግር፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ ወይም ሽንት አልወጣ ማለትና ማምለጥ ካለ ደግሞ ነገ አይባልም፤ በዚያችው ሰዓት ነው። እነዚህ ከሌሉብህ ከብዙኃኑ ጋር ነህ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከአሥሩ በዘጠኙ ላይ ሕመሙን ይህ ነው ለሚባል አንድ በሽታ ወይም ጉዳት መስጠት አይቻልም።

አሁን ወደ ፊልሙ። በአማርኛ «የዲስክ መንሸራተት» እንላለን፤ ይህ አባባል ብዙ ሰው አልጋ ላይ አውሏል ብዬ አምናለሁ። ዲስክ ከእጅ እንደሚያመልጥ ሳሙና አይንሸራተትም፤ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር ተጣብቆ የተያያዘ ነው። የሚሆነው ዳር ዳሩ ማበጥ ወይም ውስጡ ያለው ልል ነገር ወደ ውጭ መውጣት ነው፤ የወጣውም ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ እያሟሟው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 98 ሰዎች በኤምአርአይ አነሡ። ሁሉም ዲስካቸው ደኅና ሆኖ የተገኘው ከመቶ 36ቱ ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። እነዚህ ሰዎች ምንም ሳይሰማቸው ጎንበስ ቀና እያሉ ይኖሩ ነበር። የአንተ ፊልም አልዋሸም፤ ብርጭቆውን ግን ፊልሙ ላይ ማንም አያየውም። እሱ የተጨመረው በአፍ ነው።

ያለብህ ነገር ስም አለው፤ ኪኒሲዮፎቢያ ይባላል፤ እንቅስቃሴን መፍራት ማለት ነው። አካሄዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ሕመም ይመጣል፤ ሰውየው «ተሰበርኩ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስለ ተሰበረ ይፈራል፤ ስለ ፈራ አይነካም፤ ስላልነካ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሥራው ይቀራል፣ ሆዱ ይብሳል፤ ከዚያ ትንሿ ሕመም ትልቅ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ሰውን ከሥራና ከኑሮ በማስቀረት ከሕመሙ ይልቅ ፍርሃቱ እንደሚበረታ አሳይቷል። ባጃጅ ውስጥ ትንፋሽህን ይዘህ ወገብህን እንደምታደነድነው ጻፍክ አይደል? ቀኑን ሙሉ የተጨበጠ እጅ ማታ ያማል፤ ወገብም እንደዚያው ነው።

የአባይ ማዶዋ
የካቲት 26

ሁላችሁም ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ግንባታ ላይ አሸዋና ድንጋይ እሸከማለሁ። ወገቤ ካመመኝ ሁለት ዓመቱ ነው። ልፍራ ብልስ? ከፈራሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ቀኑን ሙሉ አጎነብሳለሁ፤ ሕመሙም አለ። ፍርሃት በርጩማ ላለው ሰው ነው። አለመፍራት የሚያድን ቢሆን እኔ ድሮ በዳንኩ።

ፊዚዮ ከጣና ዳር
የካቲት 26

እኅቴ፣ ልክ ነሽ፤ መልሴም የሚያረካሽ አይመስለኝም። ተመራማሪዎች ሁለተኛ መንገድም አይተዋል፤ ሕመሙን ጥርስን ነክሶ እየረገጡ እስከሚጥል ድረስ መሥራት። እሱም ሕመሙን ያቆየዋል። ለአንቺ የምለው የሚቻል ከሆነ ሸክሙን በግማሽ አድርጎ ሁለት ጊዜ መመላለስ፣ ድንጋይ ከተሸከምሽ በኋላ ትንሽ አሸዋ መዛቅ፣ በየመሃሉ ሳይታመም በፊት ማረፍ ነው። «አሠሪው አይፈቅድም» ብትይኝ መልስ የለኝም። ያ በወገብሽም በጭንቅላትሽም ውስጥ ያለ ችግር አይደለም።

መቋሚያ
የካቲት 28

ልጆቼ፣ እኔ የ68 ዓመት ሰው ነኝ፤ በዘጌ በኩል መርጌታ ነኝ። ወገቤን ያላመመኝ ማኅሌት ቆሜ አላውቅም። ስለ ዲስክ አላውቅም፤ ስለ ስግደት ግን የተጠየቀ ስለሆነ ጥቂት ልበል።

ለታመመ ሰው ስግደት ግዴታ አይሆንበትም፤ ይህን ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርሰው። ደግሞም ስግደት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንገትን ዘንበል ማድረግ አድንኖ ይባላል። ጉልበትን ማንበርከክ አስተብርኮ ይባላል። ግንባርን ምድር ማስነካት ሰጊድ ነው። ሰው ሁሉ ሲሰግድ አንተ ቆመህ የቀረኸው ሦስተኛውን ስላልቻልክ ነው፤ የመጀመሪያውን ማን ከለከለህ?

ፊዚዮ ከጣና ዳር
የካቲት 28

መርጌታ፣ እጅ ነሣሁ። እርስዎ በሦስት መስመር የጻፉት እኛ ትምህርት ቤት ወራት የፈጀብን ነገር ነው። የቤልጂጉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዮሃን ቭላየንና ባልደረቦቹ የሚፈራውን ሰው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ፎቶዎች እያሳዩ «ይህ ለወገብህ ምን ያህል አደገኛ ነው?» ብለው ከ0 እስከ 100 ያስመድቡታል። ከዚያ ከዝቅተኛው ጀምሮ እያንዳንዱን ያሠሩታል። ከመሥራቱ በፊት ምን እንደሚደርስበት ይተነብያል፤ ከሠራ በኋላ ትንቢቱንና የሆነውን ያስተያያል። ዋናው ጉዳይ ማስተያየቱ ነው። ለእኛ ሰው ፎቶው ጀሪካን ማንሣት፣ ምጣድ ማሰስ፣ ስግደት መሆን አለበት ስል ኖሬያለሁ፤ አድንኖ፣ አስተብርኮ፣ ሰጊድ በቅደም ተከተል የተሠራ መሰላል መሆኑ ግን ከዛሬ በፊት አልታየኝም።

የብስክሌት ሐኪም
የካቲት 29

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ላብ የለኝም፣ አልከሳሁም፣ እግሬም ደኅና ነው። ሳስበው ግን እኔ ሌላ ዓይነት ነኝ። ቃል በቃል ጎንበስ ማለት አልችልም። አራት ዓመት ሙሉ ከወለል ላይ ምንም አንሥቼ አላውቅም።

የሐኪሙ ባለቤት
መጋቢት 1

እኔ ባለቤቱ ነኝ። ስልኩን ለልጆች ሥዕል ከፍቶ ሲሰጣቸው ይህን ገጽ አየሁት። ተቀምጬ ሁሉንም አነበብኩ። «ምንም አንሥቼ አላውቅም» ሲል ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ልጆቹን ይዘን ጣና ዳር ወርደን ነበር። ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ እሱ ከመሬት አንሥቷት አያውቅም፤ ሰው አንሥቶ ይሰጠዋል እንጂ። ደንገሉ አጠገብ ያለው ድንጋይ አዳልጧት ወደ ውኃው ሄደች። እኔ እስክጮህ እሱ ደርሷል። አጎነበሰ፣ በአንድ እጁ አፈፍ አደረጋት፣ ታቅፏት እስከ መንገዱ ወጣ። ሮጦ ነው የወጣው። እዚያ ደርሶ አወረዳትና ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን አደረግሁ?» አለኝ። የወገብ መደገፊያ ቀበቶውን አጥብቆ ሦስት ቀን ተኛ።

እናንተ የተማራችሁ አስረዱኝ፤ ልጅቷን ሲያነሣ ያላመመው ወገብ፣ ማንሣቱ ትዝ ሲለው ነው እንዴ የሚታመመው?

የእኔንም ጥፋት ልናገር። በቤታችን በቀን ሃያ ጊዜ «ተው፣ አትንካ» የሚባል ቃል አለ። የምለው እኔ ነኝ። ውኃ ሲቀዳ ተው፣ ወንበር ሲስብ ተው። ጫማውን እንድታስር ትልቋን ያስለመድኳትም እኔ ነኝ። ያዘንኩለት መስሎኝ ነበር።

ጎጃሜው
መጋቢት 1

እንግዲህ ተያዝክ፣ ወንድሜ!

ፊዚዮ ከጣና ዳር
መጋቢት 1

ጎጃሜው፣ እባክህ እንደዚህ አይባልም። እኅቴ፣ የነገርሽን ታሪክ ባልሽን ውሸታም አያደርገውም። ሦስቱን ቀን የተሰማው ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው። ሕመም የሚሠራው ከወገብ የሚመጣውን መልእክት አንጎል «ምን ያህል ያሰጋል?» ብሎ ሲመዝነው ነው። ልጅ ውኃ ውስጥ ስትገባ ትልቁ ሥጋት እሷ ናት፤ ወገቡ ተራ አልደረሰውም። መንገድ ላይ ሲቆም ተራው ደረሰ። ታሪኩ የሚያሳየው ወገቡ ያን ክብደት መሸከም እንደሚችል ነው፤ በርታ ለማለት እንጂ በሙግት ለመርታት አትጠቀሚበት።

ስለ «ተው» ያልሽው ትልቅ ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ብርጭቆ ሲያነሣ አትከልክዪው፤ እውነተኛውን ብርጭቆ ማለቴ ነው።

የብስክሌት ሐኪም
መጋቢት 3

ሁለት ቀን ምን እንደምጽፍ አላወቅሁም። እውነት ነው፤ ረስቼው ነበር። ረስቼው ነው ወይስ እንዲረሳ ፈልጌ ነው፣ እሱን አላውቅም። የማስታውሰው ሦስቱን ቀን መተኛቴን ብቻ ነበር። ባለሙያ ዘንድ እሄዳለሁ።

የብስክሌት ሐኪም
መጋቢት 9

ሄድኩ። መጀመሪያ እግሬን፣ ጉልበቴንና ስሜቴን በመዶሻና በመርፌ መረመረኝ። ከዚያ ታምፓ ስኬል የሚባል 17 ጥያቄ ያለው ቅጽ እያነበበ ጠየቀኝ። ዝቅተኛው ውጤት 17፣ ከፍተኛው 68 ነው፤ ከ37 በላይ ያመጣ ብዙ ይፈራል ይባላል። 52 አመጣሁ። በትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቼ አላውቅም።

ዝርዝር አወጣን። ባጃጅ ውስጥ እጅን ለቅቆ መቀመጥ 30። ጫማ ማሰር 50። አጎንብሶ ፔዳል መፍታት 75። ትንሿን ከመሬት ማንሣት 90። ሰጊድ 100። ከዚያ አንድ ብሎን ወለሉ ላይ ጣለና «ይህስ ስንት ነው?» አለኝ። 45 አልኩት። «ብታነሣው ምን ይሆናል?» ሲለኝ «ቋ ብሎ እዚሁ እቀራለሁ፤ ከመቶ ሰማንያ» አልኩ። ጻፈው። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ አልቸኮለም። ቆሜ ቀረሁ። ላብ አጠመቀኝ (ሁለተኛ ዕድል አትደንግጥ፣ የቀን ላብ ነው)። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ አነሣሁት።

ምንም አልተሰማኝም አልልም፤ ጨምድዶኛል። ግን አልቀረሁም። ብሎኑን ይዤው መጥቻለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ነው።

የአባይ ማዶዋ
መጋቢት 9

ደስ ብሎኛል። እኔም ለወገቤ ባይሆን ለነገሩ ግማሽ ግማሽ መሸከም ጀምሬያለሁ። ካፖው ሲያይ እሞላለሁ፣ ሳያይ አጎድላለሁ።

የብስክሌት ሐኪም
መጋቢት 22

ክፉ ዜና ነው። ጫማዬን ማሰር ከጀመርኩ ሳምንቴ ነበር። ሐሙስ ዕለት ልጁ ስላልመጣ በርጩማዬን ወደ ጥግ ገፍቼ ቁጭ ብድግ እያልኩ ስሠራ ዋልኩ። ፔዳል፣ ሰንሰለት፣ ፍሬን፤ አራት ዓመት የተራበ ሰው ማዕድ ላይ እንደ ተቀመጠ። ማታ ስዘጋ ራሴን የ25 ዓመት ጎረምሳ አድርጌ ነው የሄድኩት። በማግስቱ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። የመጀመሪያው ሐሳቤ «ብርጭቆው ተሰበረ» የሚል ነበር። ባለቤቴን ቀበቶውን ብጠይቃት የት እንዳስቀመጠችው እንደማታስታውስ ነገረችኝ። ውሸቷን ነው።

ጎጃሜው
መጋቢት 22

ብዬ ነበር። ተኛ።

ፊዚዮ ከጣና ዳር
መጋቢት 22

አትተኛ። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ ወገባቸው በድንገት የያዛቸውን 186 የከተማው ሠራተኞች በሦስት ከፍለው አዩአቸው፤ አንዱን ቡድን ሁለት ቀን አስተኙ፣ አንዱን የወገብ ስፖርት አሠሩ፣ ሦስተኛውን «አቅምህ በፈቀደ መጠን የተለመደ ኑሮህን ኑር» አሉት። ከሁሉም ፈጥኖ የተሻለው ሦስተኛው ቡድን ነው።

የሆንከው ቀላል ነው። አራት ዓመት የቦዘነ ጡንቻ በአንድ ቀን የአራት ዓመት ሥራ ሠራ። እኔም ብሆን ቀኑን ሙሉ ብቆፍር በማግስቱ አልነሣም። ከመሰላሉ አንድ እርከን ውረድ እንጂ ከመሰላሉ አትውረድ። ዛሬ ቤት ውስጥ ትንሽ ተራመድ፣ ነገ ጫማህን እሰር፤ ፔዳሉን በቀን በአራት ጀምርና በየሦስት ቀኑ አንድ ጨምር። ደኅና የሆንክ ቀን አትጨምር፣ የከፋህ ቀን አትቀንስ። ይህን ትእዛዝ ከሕመምተኞቼ ሁሉ የሚጠብቀው ጥቂት ነው፤ የሚጥሱትም የሚጥሱት ደኅና በሆኑበት ቀን ነው።

እውነቱንም ልንገርህ። ይህ መንገድ ሕመሙን ጠራርጎ ያጠፋዋል ብዬ ቃል አልገባም። ለብዙዎች የሚመለሰው ኑሮው ነው፤ ሕመሙ ቀንሶ ጥግ ይይዛል።

መቋሚያ
መጋቢት 23

ልጄ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን የሆነው በአንድ ቀን ስለማይጾም ነው።

የብስክሌት ሐኪም
ሚያዝያ 11

ዛሬ ቅዳም ሹር ነው፤ ቄጠማውን ራሴ ላይ አስሬ ነው የምጽፈው።

ትናንት በጠዋት ሄድኩ። ግድግዳው ጋ የቆየ ቦታዬ ባዶ ነበር፤ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። እስከ ሦስት ሰዓት በአድንኖ ቆየሁ። ከዚያ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ነው የጮኸው፤ ወገቤን ስጠብቅ ጉልበቴን የጠየቀው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ፣ ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» እያለ ሲወድቅ፣ ከፊቴ ያሉ አንዲት አሮጊት መቋሚያቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ሲሰግዱ አየሁና ምን እንደሚደርስብኝ ለመተንበይ ጊዜ ሳላገኝ ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። ምንጣፉ የዝናብ ሽታ አለው። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሽታ ረስቼው ነበር።

መነሣቱ ከበደኝ፤ በሁለት እጄ ተደግፌ ተነሣሁ። አመመኝ። ቀጠልኩ።

ማታ ካህኑ ጀርባዬን በወይራ ቅጠል ሲጠበጥቡኝ በፊት ከስግደቱ ይልቅ እሱን እፈራው እንደነበር ትዝ አለኝ። «ስንት ልስገድ?» አልኳቸው፤ የወገቤን ነገር ያውቃሉና ትንሽ ቁጥር ነገሩኝ። ቤት ገብቼ ጨረስኩት። ዛሬ ወገቤ ደረቅ ብሏል፤ ተኝቼ ግን አይደለም፤ በግ ለማሰር ወጥቼ ነበር።

ጎጃሜው
ሚያዝያ 11

እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድሜ። ለመሆኑ ስንት ሰገድክ?

የብስክሌት ሐኪም
ሚያዝያ 11

እሱን ከንስሐ አባቴ በቀር አልነግርም።

የሐኪሙ ባለቤት
ሚያዝያ 11

እኔ ቆጥሬአለሁ።

ጎጃሜው
ሚያዝያ 13

እንኳን አደረሳችሁ። የብስክሌቴ የግራ ፔዳል ተላቋል፤ ሱቅህ ዛሬ ክፍት ከሆነ አመጣዋለሁ። ልጁ ከሠራው ግን አልከፍልም፤ አንተ ራስህ አጎንብሰህ ነው።

የብስክሌት ሐኪም
ሚያዝያ 13

አምጣው። ለዛሬ ሦስት ሠርቻለሁ፣ አንድ ይቀረኛል። የ15 ቁጥሩን ቁልፍ ልጁ የት እንዳደረገው እስካገኝ ትንሽ ትቆያለህ፤ በርጩማው ባዶ ስለሆነ እዚያ ተቀመጥ።